የነቢያት ጾም ያተረፈው ወፍ

ከሆላንድ ከተመለስኩ ወዲህ አሰላ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ ባሕሩ እውነት ከመሬቱ በላይ እንደሆነና ልጄ ሠናይት ከስታ እንደሆነ። ባሕሩ እውነት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሣልኩት ግድብ ሣር በቅሎበት፣ በግ እየጋጠበት አግኝቼዋለሁ። ልጄም አልከሳችም። ከዚህ በተረፈ የማወራው ስለ አንድ ወፍ ነው። ለወፍ ወሬ ይህን ያህል አገር መሻገር ያስፈልጋል ወይ የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ጉዞው የባለቤቴ የዘነበች ትእዛዝ ነበር። ሠናይት ለትምህርት ሄዳ እዚያው በቀረች ጊዜ፣ ማረፊያ አጥታ ስትንከራተት ቤታቸው አስገብተው ያኖሯት ሚስስ ኤለን የሚባሉ አሜሪካዊት መበለት ናቸው። ባላቸው ሆላንዳዊ ነበሩ፤ ቤታቸው ሮተርዳም ውስጥ ዴልፍስሃቨን በሚባል የወደብ ሰፈር ነው። ዘነበች በየጊዜው ደብዳቤ ብትልክላቸውም አልበቃ አላት። «የሰው ልጅ እንደ ልጃቸው ያኖሩ ሴት ፊት ለፊት ሳይመሰገኑ ብሞት ዓይኔ አይከደንም» አለችኝ። እሷ እንዳትሄድ ጉልበቷን ያማታል፤ ስለዚህ ተላኪው እኔ ሆንኩ። የመውጫ ቪዛ ያገኘሁበት ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ ስለሚወጣው እዘለዋለሁ። ጊዜው 1982 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ወሩን የመረጠችው ሠናይት ናት፤ አሜሪካኖች በዚያ ወር አንድ ሐሙስ ቀን የምስጋና በዓል ያከብራሉ። ለማመስገን የሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ያመጣል?

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ከቦሌ ተነሥቼ ሮም ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አምስተርዳም አየር ማረፊያ ወረድኩ። ሠናይት የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራ ጥላ መውጣት ስላልቻለች ሄግ ባቡር ጣቢያ ልትጠብቀኝ ተቀጣጥረን ነበር። «አባባ፣ አየር ማረፊያው ሥር ባቡር አለ፤ ሰው ጠይቀው ይሳፈሩ» ብላኛለች። ሰው ጠይቀው ማለቷ ትንሽ ቆረቆረኝ። የሆላንድን ካርታ ዓይኔን ጨፍኜ የምሥል ሰው ነኝ። ቢጫ ባቡር መጥቶ ሲቆም፣ ሄግ ያለችው በደቡብ ምዕራብ ነው፣ የባቡሩ አፍንጫም ወደዚያው ዞሯል ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ገብቼ ተቀመጥኩ። አፍንጫው የመሰለኝ ጭራው ኖሯል። የዚያ አገር ባቡር ከኋላውም ፊት አለው።

ተቆጣጣሪው ትኬቴን አይቶ ፈገግ ሲል ነው ነገሩ የገባኝ። የምሄደው ወደ አምስተርዳም ከተማ ነበር። ይቀጣኛል ብዬ ስሰጋ ሻንጣዬን ራሱ አውርዶልኝ፣ ስልክ ድረስ ወስዶኝ ለሠናይት ደወለልኝ። የልጄን ሳቅ በስልኩ ውስጥ ስሰማ ድካሜ ሁሉ ለቀቀኝ። ከሳቋ ስትመለስ፣ ጥሩወርቅ የምትባል ጓደኛዋ ጣቢያው አጠገብ ሆቴል አልጋ እንደምታነጥፍ፣ እሷ መጥታ እንደምትወስደኝና ዛሬ እዚያው እንዳድር ነገረችኝ።

ጥሩወርቅ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። በዝናብ ውስጥ የውኃ ቦዩን ተከትለን ቤቷ ደረስን። አምስተርዳም ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ደረጃ የሚሉት ነገር ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ነው። ደብረ ዳሞን በገመድ የሚወጡ መነኮሳት ቢያዩት ይስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን በእጅም በእግርም እየዳህኩ «አቡነ ዘበሰማያት» ደግሜ ነው የወጣሁት። አልጋና ቁም ሣጥን እንዴት ይገባል ብላት ከጣሪያው ሥር ያለውን መንጠቆ በመስኮት አሳየችኝ። ዕቃ በገመድ ተስቦ በመስኮት ይገባል። ሽማግሌንም እንዲሁ ቢያስገቡ ጥሩ ነበር።

እራት ድንችና ጎመን አንድ ላይ ተደቁሶ፣ መሐሉ ላይ ቋሊማ ተጋድሞበት ቀረበ። ቋሊማውን በጥርጣሬ ሳየው፣ «የከብት ነው መምህር፣ ይብሉ፣ በሞቴ» አለችኝ። ቴሌቪዥኑ የበርሊንን ግንብ በመዶሻ የሚያፈርሱ ወጣቶች ያሳያል፤ በዚያ ሰሞን ሌላ ነገር አያሳይም ነበር። ድንቹን አጋምሼ ሳለሁ ጥሩወርቅ እየሳቀች፣ ነቢዩን ላርድ መምጣቴን መስማቷን ነገረችኝ። ነቢዩ ማን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሰው መስሎኝ ነው።

ነቢዩ የቱርክ ዶሮ ነው፤ የአገሩ ሰው ካልኩን ይለዋል። አሜሪካኖች በምስጋና በዓላቸው የሚበሉት እሱን ነው፤ ያለ እሱ በዓሉ ዶሮ እንደሌለበት ፋሲካ ነው። ሠናይት ሚስስ ኤለን ቤት በገባች ሰሞን፣ እሳቸው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያውን የምስጋና በዓል ሊያከብሩ ከገበሬ ከነነፍሱ የገዙትን ካልኩን ጓሮ አስረው ይቀልቡ ነበር። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር አሥራ አምስት ነው፤ የእነሱ ሐሙስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ይውላል። ሠናይት እጾማለሁ ስትላቸው፣ «እንግዳዬ እየጾመች እኔ ብቻዬን ሥጋ አልበላም» ብለው ምስርና ዱባ ሠሩ። ካልኩኑም ከረመ። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ ጾም ውስጥ ዋለ፤ በሦስተኛውም፤ በአራተኛውም። በነቢያት ጾም ስለተረፈ ሠናይት ነቢዩ ብላ ስም አወጣችለት።

ዘንድሮ ግን ሐሙሱ ኅዳር አሥራ አራት ላይ ዋለ። አሥራ አራት ቅበላ መሆኑን ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም። ጥሩወርቅ «ምስኪን ነቢዩ» እያለች ሰሐኑን አነሣች። እኔ በበኩሌ፣ ዶሮ ለመታረድ ነው የተፈጠረ ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ጥሩወርቅ ወንበሬ ላይ ካላስቀመጥኩዎት ብላ ባቡሩ ውስጥ ድረስ ገብታ፣ ለተቆጣጣሪውም አደራ ብላ ወረደች። ሄግ ስደርስ ሠናይት መድረኩ ላይ ቆማለች። ስትሄድ ሹሩባ ተሠርታ ነበር፤ አሁን ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ እንደ አገሩ ሰው ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ስታየኝ ግን ያን ሁሉ ትታ ጉልበቴ ላይ ተደፋች። ሰው እያየን ተላቀስን። ደስታ እንዲያ ሲያስለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ቤቷ ስኪልደርስዋይክ በሚባል ሰፈር ነው፤ ትራም በሚሉት የከተማ ባቡር ይደረሳል። ሰፈሩ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ሰው የሚኖርበት ነው። የቱርኩ ዳቦ ቤት፣ የሞሮኮው ሥጋ ቤት፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የሱሪናም ቅመም ሻጭ ጎን ለጎን ናቸው። ቤቶቹ አንድ ዓይነት ጡብ ስለሆኑ ሠናይት በር ላይ ቀይ ጨርቅ ባታስርልኝ የማንም ቤት እገባ ነበር። አሰላ ሰው ቤቱን የሚለየው በዛፉና በውሻው ነው፤ እዚያ በቁጥር ነው።

እሷ ሻይ ልታፈላ ስትገባ እኔ የጋራው ግቢ ውስጥ ቆየሁ። ግቢው በረገፈ ቅጠል ተሞልቷል። ዕለቱ ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ አገር ቤት በዚያ ቀን ቆሻሻውን ሰብስቦ ያላቃጠለ የለም። ኅዳር ሲታጠን በሽታ ከሰፈር ይወጣል። ከልጄም ሰፈር ይውጣ ብዬ ቅጠሉን ጠራርጌ ካርቶን ጨመርኩበትና ለኮስኩት። ቅጠሉ እርጥብ ስለነበረ እሳቱ ጥቂት፣ ጢሱ የትየለሌ ሆነ። መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። አንዲት የሱሪናም ሴት በቤት ጫማ፣ ባልዲ ይዛ ወርዳ እሳቱንም እኔንም አንድ ላይ አጠበችን።

ሠናይት ሮጣ ወጥታ እየሳቀችም እያፈረችም ነገሩን ስታስረዳ ሴትዮዋ ፊቷ በራ። በእነሱ አገር ክፉ መንፈስ የሚባረረው ዓመቱ ሲያልቅ ርችት በመተኮስ መሆኑን፣ እዚህ ስትተኩስም የሚያኮርፉ ጎረቤቶች እንዳሉባት ነገረችን። የባሏን ደረቅ ሱሪ አመጣችልኝ፤ ቀጥላ ደግሞ በዶሮ የተሠራ ሩዝ። ሱሪው ለሁለት እኔ ይበቃል። አገሬ ላይ እሳት የለኮሰብኝን ሰው እኔ እንዲህ አላስተናግድም።

ሻይ ስንጠጣ ሠናይት ስኳሩን ደጋግማ አማሰለች። ምን ሆነሻል ስላት ሲኒዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ሚስስ ኤለን ነቢዩን ለእርስዎ ሊያሳርዱ ነው።»

«ይህንማ ጥሩወርቅ ነገረችኝ። ታዲያ ምን አለበት?»

«ይወዱታል እኮ። ጠዋት ጠዋት ያናግሩታል። ግን 'አባትሽ ያን ያህል አገር መጥቶ፣ ጾሙም ሳይገባ፣ ምስር ላብላው ነው?' አሉኝ። ተዉት ብላቸው መስተንግዶዎ አይፈለግም ማለት ይሆንብኛል። ዝም ብል ደግሞ…» አለችና አቋረጠች። «የሚያርዱት እርስዎ ነዎት። ሴት አታርድም፣ በሥላሴ ስም የሚያርድ ወንድ መሆን አለበት ብዬ ድሮ ነግሬያቸው ነበር።»

ያን ጊዜ ነገሩ ከበደኝ። ሰው አክብሮ ያቀረበውን እንቢ ማለት በእኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ እሳቸውን ልሰድብ አልመጣሁም። እሺ ካልኩ ደግሞ ልጄን ያስጠጉልኝን ሴት የማመሰግነው የሚወዱትን በማረድ ሊሆን ነው። ዘነበች አመስግን ብላ ስትልከኝ ቢላ አላስያዘችኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ጠዋት በባቡር ሮተርዳም ገባን። አምስተርዳም ያረጀ ነው፣ ሮተርዳም ግን በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ስለፈረሰ አዲስ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ከወንዙ ማዶ ሻርሎይስ በሚባል ሰፈር አቶ ወልዱ ይኖራሉ፤ መጀመሪያ እሳቸውን ሳንጠይቅ አናልፍም አለች ሠናይት። አቶ ወልዱ የአስመራ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሆቴል ሲሠሩ አማርኛ ለመዱ፤ በኋላ የመርከብ ወጥ ቤት ሆነው ዓለምን ዞረው ሮተርዳም ወረዱና ቀሩ። አሁን ጡረተኛ ናቸው። ለነቢዩ በቆሎ የሚያቀርቡለት እሳቸው ናቸው።

በዚያ ዘመን አንድ የአሰላና አንድ የአስመራ ሰው ሬዲዮ ያለበት ክፍል ውስጥ ባይገናኙ ይመረጥ ነበር። አቶ ወልዱ እጄን ከጨበጡኝ በኋላ ሬዲዮናቸውን ነቅለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡና፣ «በዓል ነው» አሉኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኳቸው። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ የጾም ምሳ በላን፤ ጎመኑ የእኛኑ ጎመን ቢመስልም ጣዕሙ የውኃ ነው። ካልኩን መብላት ይፈቀዳል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ራሱ መላጣ ነው ሲባል ሰምቼ ጥንብ አንሳ ትዝ ብሎኝ ነበር። መርከባቸው ላይ አንድ የግብጽ ቄስ ደጋግመው ሲበሉ ማየታቸውን ነገሩኝ። ማረዱን እርስዎ ያግዙኝ ብላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ክረምትና በጋ ያበሉትን እንደማያርዱ፣ ቢላ ግን ስለው እንደሚያመጡልኝ ቃል ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ዴልፍስሃቨን ሄድን። በአሮጌው ወደብ ዳር ቤቶቹ ተደጋግፈው ውኃው ውስጥ መልካቸውን ያያሉ፤ ከወዲያ የነፋስ ወፍጮ አለ። ሚስስ ኤለን በር ከፍተው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጭን፣ የወንድ ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው። እንደ ፈረንጅ እጄን ጨብጠው ይበቃቸዋል ስል አንገቴን አቅፈው በግራ በቀኝ ሳሙኝ፤ ሠናይት ያስተማረቻቸው ነው። ከዘነበች የተላከውን ጋቢ ሳለብሳቸው እስክንወጣ ድረስ አላወለቁትም። ሻይ ሲመጣ ብስኩት አልነበረም፤ ተምርና ኦቾሎኒ ነው የቀረበው። ቅቤ ያለበት ነገር ረቡዕ እንደማይበላ ያውቃሉ። አገራችን ውስጥ ረቡዕን የሚረሱ ስንት አማኞች አውቃለሁ።

ከዚያ ጓሮ ወጥተን ነቢዩን አየሁት። እግዚአብሔር ሲፈጥረው ከሌላው ወፍ ሁሉ የተረፈውን የሰበሰበ ይመስላል። አካሉ ጥቁር ሆኖ እንደ መዳብ ያብረቀርቃል፤ ራሱ መላጣ ነው፤ አፍንጫው ላይ ሥጋ ተንጠልጥሏል። እኔን ሲያይ ጭራውን እንደ ጃንጥላ ዘረጋና መላጣው ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ነጭ። ጎረቤት ሁሉ የሚሰማው ድምፅ አወጣ። ከዚያ ቀረብ ብሎ የካፖርቴን ቁልፍ በአፉ ይጎትት ጀመር። ሚስስ ኤለን፣ የሚጎትተው የወደደውን ሰው ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ነገ የሚያርደውን ሰው ምነው ባልወደደ።

በእሳቸው የትውልድ አገር የዱሩ ካልኩን ጫካ ውስጥ በመንጋ ይኖራል፤ ማታ ማታ ዛፍ ላይ ይሰፍራል፣ ይበራል፣ ከአዳኝም ያመልጣል። አባታቸው ለበዓሉ ሊያድኑት ጎሕ ሳይቀድ ይወጡ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። ጅግራና ቆቅ የሚያድነው አጎቴ ትዝ አለኝ፤ እሱም ከሚተኩሰው የሚያወራው ይበልጣል። ቤት ተመልሰን የምስጋናውን ታሪክ ስጠይቃቸው በመስኮቱ ወደቡን አሳዩኝ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ በሃይማኖታቸው የተሰደዱ እንግሊዞች እዚህ አገር ተጠግተው ኖረው፣ ከዚሁ ወደብ ተነሥተው ወደ አሜሪካ ሄዱ። እዚያ ረኃብ ሊጨርሳቸው ሲል የአገሩ ተወላጆች ዘርና አደን አስተማሯቸው፤ አዝመራ ሲደርስ አብረው በሉ። የመገቧቸው ባለአገሮች በኋላ ምን ሆኑ አልኳቸው። ሚስስ ኤለን ከመስኮቱ ዞር ብለው፣ ያ ክፍል በማዕድ ላይ አይነበብም አሉኝ። ሐቀኛ መልስ ስለሆነ አከበርኳቸው።

ስንሰነባበት፣ ነገ ለእኔ ሲሉ ነቢዩን ማቅረባቸው ትልቅ ደስታ እንደሚሰጣቸው ፈገግ ብለው ነገሩኝ። እኔም ትልቅ ክብር ነው አልኩ፣ ፈገግ ብዬ። ሠናይት ወለሉን ታያለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ረፋዱ ላይ ስንደርስ ዱባው ምድጃ ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። አቶ ወልዱ ቀድመው መጥተዋል። ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና ወደ ሳሎን ገቡ። ሠናይት ፎቅ ላይ ሥራ አለኝ ብላ ወጣች። ሚስስ ኤለን ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም፤ ድምፁን እንዳይሰሙ ነው።

ነቢዩ ሲያየኝ ሮጦ መጣ። ዶሮ ስታርድ ትይዘዋለህ፣ ክንፉን በእግርህ ትረግጣለህ፤ ይህ ግን የጥጃ ክብደት አለው፣ ይልቅ እሱ እኔን ይይዘኛል። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። «በስመ አብ» አልኩ። ነቢዩ ቁልፌን መጎተቱን ትቶ እግሬ ሥር ቁጢጥ አለ፤ አንገቱን ጫማዬ ላይ አሳረፈ። የቧንቧው ውኃ ይንፏፏል። «ወወልድ» የሚለው አልወጣ አለኝ።

ቆሜ አሰብኩ። ባለቤቲቱ እንዲሞት አይፈልጉም። ልጄ አትፈልግም። አቶ ወልዱ አይፈልጉም። እኔም ከትናንት ጀምሮ አልፈለግሁም። ታዲያ ይህን ወፍ የሚያርደው ማን ነው? የአራታችን ይሉኝታ ነው እንጂ ሌላ ማንም አይደለም። ይሉኝታ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚታመምበት በሽታ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ልጄ ይዛው ሄዳ ቤቱን በሙሉ አስይዛለች።

ቢላውን በጋዜጣው መልሼ ጠቅልዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ውኃው እየፈሰሰ ስለሆነ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

«ሚስስ ኤለን፣ ይህ ወፍ አራት ዓመት ከልጄ ጋር ጾሟል። አብሮ የጾመ ማዕድ ላይ ይቀመጣል እንጂ ማዕድ አይሆንም።»

ቧንቧውን ዘጉ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ይህ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሕግ ነው?» አሉ።

«አይደለም። አሁን ነው የወጣው።»

ዞር ሲሉ ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ግን ይስቁ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው፣ ቅር እንዳልሰኝ ብለው እንጂ ሊያስቀሩት ፈልገው እንደነበር ነገሩኝ። እኔም እንዲሁ አደርኩ አልኳቸው። ሠናይት ከፎቅ እየሮጠች ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ለካ መስኮቱ ላይ ቆማ ሁሉንም ስታይ ኖሯል።

ቅበላ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሥጋ የለም። ይህን ስናስብ አቶ ወልዱ ኮሪደሩ ውስጥ ካፖርታቸው ሥር የደበቁትን ድስት ይዘው ገቡ። ሲከፍቱት ዶሮ ወጥ ነው፣ እንቁላሉ ሳይጎድል። ሌሊት ተነሥተው ሠርተው፣ ትራም ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገው ያመጡት ነው። «መርከብ ላይ የኖረ ሰው ያለ መጠባበቂያ ከቤት አይወጣም» አሉ። ቢላውንስ ለምን ሳሉት ብላቸው፣ እንግዳ ሆኜ መምጣቴን፣ ጠባዬን ገና አለማወቃቸውን ነገሩኝ።

ነቢዩ የወጥ ቤቱ በር ተከፍቶለት ደፉ ላይ ቆሞ በቆሎውን ሲበላ እኛ ጠረጴዛ ቀረብን። ሚስስ ኤለን በርበሬው ቢያስለቅሳቸውም ሰሐናቸውን ጠርገው በሉ። ዱባው ማር ገብቶበት ኬክ ሆኖ ቀረበ፤ ዱባን እንዲያ ማድረግ ይቻላል ብዬ ለዘነበች ብነግራት አላመነችኝም። የበዓሉ ወግ እንዲህ ነው፤ ተበልቶ ሲያበቃ እያንዳንዱ ሰው የሚያመሰግንበትን ነገር ተናግሮ ይቀመጣል። አቶ ወልዱ ተነሥተው እኔን አዩኝና፣ «ሬዲዮ ሳንከፍት ስለዋልን» አሉ። እኔም ጭንቅላቴን ዝቅ አደረግኩ። ሠናይት ሁለት እናት ስላላት አመሰገነች።

ተራው የኔ ሆነ። ከአሰላ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ። ብነሣ አንድ ቃል የለም። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄድኩና፣ አባቶቻችን ውለታ ላደረገላቸው እንደሚያደርጉት የሚስስ ኤለንን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ። ሚስስ ኤለን የወደቀብኝን ነገር የምፈልግ መስሏቸው እሳቸውም ሊፈልጉልኝ ወረዱ። ሁለታችንም ጠረጴዛው ሥር ጉልበት ለጉልበት ተገናኘን። ምን ጠፋብዎት አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ለመነሣት ስሞክር ጉልበቴ እንቢ አለ፤ የእሳቸውም እንዲሁ። ነቢዩ ከደፉ ሆኖ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያየናል። እዚያው ወለሉ ላይ ሆነን እስኪያመን ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ሚስስ ኤለን እጄን ያዙ። ከዚያ በአማርኛ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጡ፣ «ልጅዎን ስለላኩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ዓመት ብቻዬን ነበርኩ» አሉኝ። ሠናይት ያስጠናቻቸው መስሎኝ ቀና ስል እሷም አፏን ከፍታ ቆማለች። አቶ ወልዱ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ልናገር የመጣሁትን ቃል ሚስስ ኤለን ወር ሙሉ አጥንተው፣ እኔኑ ቀድመው ተናገሩት። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ አቶ ወልዱና ሠናይት እየጎተቱ አነሡን።

አሰላ የገባሁ ለት ዘነበች ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ «አመሰገንካቸው?» አለችኝ።

«እሳቸው ናቸው ያመሰገኑን» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች፣ «እንግዲያ አሁን መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለች።